«እማዬ የኪኒን ሱስ ይዟታል?»

ጥያቄ፦

«ሰላም ለአዘጋጁ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ደሴ ነው የምትኖረው። ከሁለት ዓመት በፊት ቁርጥማት አላላውስ ብሏት ሐኪም ቤት ሄደች፤ ለሁለት ሳምንት የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ታዘዘላት። በሦስተኛው ቀን ተነስታ ቡና አፈላች። ኪኒኑ ሲያልቅ ግን ህመሙ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ባዶ ማሸጊያውን እያሳየች ከፋርማሲ ትገዛለች፤ ጠዋት ጠዋት 10 ሚሊ ግራም። አሁን ፊቷ ክብ ሆኗል፣ ሆዷ ገፍቷል፣ እጅና እግሯ ግን ቀጥኗል። ትንሽ ነገር ከነካት ይበልዛል። ስኳርሽ ከፍ ብሏልም ተብላለች። ለፋሲካ ስሄድ ይሄን አይቼ ደነገጥኩና ኪኒኑን ቀማኋት። በአራተኛው ቀን ያስመልሳት ጀመር፣ ሆዷን አመማት፣ ከአልጋ ስትነሳ አዙሯት ወደቀች። ፈርቼ መለስኩላት። በማግስቱ ምንም እንዳልሆነች ሆነች! ወንድሜ 'ሱስ ሆኖባታል፣ ጨክነን ማስቆም ነው' ይላል። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ደግሞ 'አድሬናል ፋቲግ ነው' ብላ ዕጢ ያጠነክራል የተባለ እንክብል ልካለች። ማንን ልስማ?

ጭንቀታሟ፣ ከሳሪስ»

መልስ፦

ሰላም ጭንቀታሟ።

ሁለቱንም አትስሚ። ኪኒኑንም ዳግመኛ እንዳትቀሚያቸው። ይሄን ያስቀደምኩት ከዚህ በታች ያለውን ሳታነቢ ብትዘጊው እንኳ ይቺ አንዷ እንድትቀርልሽ ነው፦ ሐኪም ቀስ በቀስ ቀንሶ እስኪያስቆማቸው ድረስ እናትሽ ያንን ኪኒን አንድም ቀን መዝለል የለባቸውም። አዎ፣ መድኃኒቱ እየጎዳቸው ነው። አዎ፣ መቆም አለበት፤ ባይሆን መቀነስ አለበት። ግን በአንድ ቀን ቆርጦ ማቆም ከመድኃኒቱ ጉዳት ፈጥኖ ሊገድል ይችላል። በፋሲካ ያየሽው የዚያን መጀመሪያ ነው። መልሰሽ መስጠትሽ ደግሞ ልክ ነበር።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። እናትሽንም አላየኋቸውም። ግን የጻፍሽው ታሪክ በጣም የታወቀ ስለሆነ ምን እየሆነ እንደሆነ ልንገርሽ፤ ካወቅሽው ወንድምሽንም እህትሽንም ራስሽ ታስረጂያቸዋለሽ።

ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን አናት ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ አንዳንድ ትንሽ ዕጢ አለ። አድሬናል ይባላሉ። ኩላሊት ላይ ይቀመጡ እንጂ ሽንት የማጣራት ሥራ የላቸውም። እያንዳንዳቸው ከ4 እስከ 5 ግራም ብቻ ይመዝናሉ። ጣሊያናዊው ሐኪም ባርቶሎሜዎ ኤውስታኪ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መኖራቸውን አሳይቶ ነበር፤ ለምን እንደሚጠቅሙ ግን ለሦስት መቶ ዓመት ያህል በቅጡ ያወቀ ሰው አልነበረም። እንግሊዛዊው ቶማስ አዲሰን እ.ኤ.አ. በ1855 ዕጢዎቹ ሲበላሹ ሰው እንዴት እየደከመ፣ እየከሳና እየጠቆረ ሄዶ እንደሚሞት ጻፈ። ያኔ ነው ለሕይወት እንደሚያስፈልጉ የታወቀው።

የዕጢው ውስጠኛ ክፍልና ውጪያዊ ሽፋኑ ሥራቸው ለየቅል ነው። ውስጡ አድሬናሊን ያመርታል። መንገድ ስታቋርጪ ሚኒባስ አጠገብሽ ሲጥ ብሎ ሲቆም ልብሽን የሚያስደልቀው፣ እጅሽን የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው። ዝነኛው እሱ ነው፤ ለእናትሽ ጉዳይ ግን እርሺው። የእናትሽ ነገር ያለው ውጪያዊው ሽፋን ላይ ነው። እሱም ሦስት ንብርብር አለው። አንዱ አልዶስትሮን የሚባል ሆርሞን ያወጣል፤ ይሄ ኩላሊት ጨው እንዲይዝና ፖታሲየም እንዲያስወጣ እያዘዘ የደም ግፊትን ይጠብቃል። ሌላው ከወንድ ሆርሞን ጋር የሚዛመዱ ደካማ ሆርሞኖችን ያመርታል፤ ሴቶችም አላቸው። የመካከለኛው ንብርብር ምርት ነው ኮርቲሶል።

ኮርቲሶልን ቲክቶክ ላይ «የጭንቀት ሆርሞን» እያሉ ስሙን አጥፍተውታል። ፊት ያሳብጣል፣ ቦርጭ ያወጣል፣ አስወግዱት ይላሉ። ልብ በይ፣ ያለ ኮርቲሶል መኖር አይቻልም። ምግብ ሳንበላ ስንቆይ የደማችን ስኳር እንዳይወርድ የሚይዘው አንዱ እሱ ነው። የደም ሥሮች ግፊታቸውን እንዲጠብቁ ያግዛል። ሰውነት ቁስለትን ወይም ኢንፌክሽንን ሲዋጋ ከልክ እንዳያልፍ ልጓም የሚያስገባውም እሱ ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ በምንነቃበት ሰሞን ከፍ ይላል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል። ስንታመም፣ አደጋ ሲደርስብን ወይም ቀዶ ጥገና ስንደረግ ደግሞ ዕጢው ምርቱን በብዙ ይጨምራል። ይቺን የመጨረሻዋን ያዢልኝ፤ ወደ ታች እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ኪኒኑ። ፕሬድኒሶሎን ሰው የሠራው የኮርቲሶል ዘመድ ነው፤ ከኮርቲሶል ይልቅ ይበረታል። 5 ሚሊ ግራሙ ጤነኛ ሰው በቀን ከሚያመርተው ኮርቲሶል ጋር በግምት ይመጣጠናል። እናትሽ የሚወስዱት 10 ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውነታቸው ከሚያስፈልገው እጥፍ ገደማ ከውጭ ሲገባለት ኖሯል።

ዕጢው ደግሞ በራሱ ፈቃድ አይሠራም። ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ የሚባል ዕጢ በደም በኩል ትዕዛዝ ይልክለታል፤ ፒቱታሪ ደግሞ ከበላዩ ካለው ሃይፖታላመስ ከሚባል የአንጎል ክፍል ይታዘዛል። ሁለቱም ደም ውስጥ ምን ያህል ኮርቲሶል እንዳለ ሁልጊዜ ይለካሉ። ፕሬድኒሶሎንን ከኮርቲሶል አይለዩትም። በየቀኑ «በቂ አለ» ብለው ትዕዛዙን ያቆማሉ። ያልታዘዘ ዕጢ ምን ያደርጋል? ይተኛል፤ ቆይቶም ይሟሽሻል። ቤት ውስጥ በየቀኑ እንጀራ ከሱቅ እየተገዛ ሲመጣ ምጣዱ ይረሳል፣ አቧራ ይጠጣል፣ ሊጡም አይቦካም፤ አንድ ማለዳ ሱቁ ቢዘጋ ቤተሰቡ በዚያኑ ቀን ምሳ እንጀራ ጋግሮ አይበላም።

እናትሽ ላይ የሆነው ይሄ ነው። ከውጭ የሚመጣውን አቋረጥሽው፤ የራሳቸው ዕጢ ደግሞ ገና አልነቃም። አንድ ሁለት ቀን በተረፈው ቆዩ፣ ከዚያ ማስመለስ፣ የሆድ ህመም፣ ሲነሱ ማዞር፣ መውደቅ መጣ። ግፊታቸው ወርዶ ነበር ማለት ነው፤ ምናልባትም ስኳራቸው። ያንን ቀን ገፍታችሁበት ቢሆን ኖሮ ግራ መጋባት፣ ራስን መሳት፣ ከዚያም የከፋው ይከተል ነበር። ኪኒኑ ሲመለስ በማግስቱ ደህና የሆኑት የጎደለው ስለተተካ ነው።

ስለዚህ ለወንድምሽ እንዲህ በዪው። ሱስ ያለበት ሰው የሚፈልገውን ቢያጣ ይቁነጠነጣል፣ ይበሳጫል፣ ይለምናል። እናታችሁ አልለመኑም። ወደቁ። ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን ብትቀሙት ቢወድቅ «ሱሰኛ» ትሉታላችሁ? «ጨክነን» የሚለውን ቃል ደግሞ እባካችሁ ለእናት አትጠቀሙት።

እናትሽ ቡና ያፈሉበትን ሦስተኛ ቀን ሳነብ አንድ የቆየ ታሪክ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1948 አሜሪካ፣ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ፊሊፕ ሄንች የሚባል ሐኪም በመገጣጠሚያ ህመም መራመድ ላቃታት ወጣት ሴት ከዚህ ዘር የሆነውን ኮርቲዞን በመርፌ ሰጣት። በሳምንቱ ለሸመታ ከተማ ወጣች። ዓለም ጉድ አለ። ሄንች ከኬንዳልና ከራይክስታይን ጋር በ1950 ኖቤል ተሸለመ። ወዲያው ግን ሌላው ገጽታ ታየ፤ የሴትዮዋን ጨምሮ የህመምተኞቹ ፊት እየከበበ ሄደ፣ መድኃኒቱ ሲቆም ህመሙ ተመለሰ፣ ሌላ ሌላም መጣ። መድኃኒቱ ቁጣውን ያበርዳል እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅልም። እናንተ ቤትም የሆነው ይሄው ነው፤ ከሰባ ምናምን ዓመት በኋላ።

ክብ ፊት፣ የገፋ ሆድ፣ የቀጠኑ እጅና እግር፣ የሚበልዝ ስስ ቆዳ፣ ከፍ ያለ ስኳር፤ ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ኩሺንግ ይባላል። ኮርቲሶል ወይም ዘመዶቹ ሲበዙ የሚመጣ ነው። ዛሬ ከሁሉ የበዛው መንስኤው በመድኃኒት መልክ የሚገባው ነው። እናትሽ ወፍረው አይደለም፤ ጡንቻቸው እየተበላ ነው። ከወንበር ሲነሱ በእጃቸው ደግፈው እንደሚነሱ ተመልከቺ። አጥንታቸውም ሳስቶ ሊሆን ይችላል። ከዕድሜያቸው ጋር ተደምሮ አንድ መንሸራተት ዳሌ ሊሰብር ይችላል፤ በፋሲካው መውደቅ ስላልተሰበሩ እግዚአብሔርን አመስግኚ።

እሺ፣ ምን እናድርግ?

አንደኛ ነገር የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ይሂዱ። እዚያው ደሴ ይቻላል። የሆርሞን ስፔሻሊስት ካስፈለገ እነ ጥቁር አንበሳ አሉ፤ ግን ለመጀመር አዲስ አበባ እስኪመጡ አትጠብቂ። ሲሄዱ ቤት ያለውን ሁሉ በፌስታል ይያዙ፤ ኪኒኑን፣ ቅባቱን፣ የህመም ማስታገሻውን፣ ከአሜሪካ የመጣውንም። እናቶቻችን «ሌላ የምትወስጂው አለ?» ሲባሉ «የለም» ይላሉ፤ ቅባትና ቅጠላ ቅጠል መድኃኒት አይመስላቸውም።

ለሐኪሙ የምታነሺው ትልቁ ጥያቄ ደግሞ ስለ ዕጢው አይደለም። «ለመሆኑ የእናቴ መገጣጠሚያ ምንድን ነው በሽታው?» በዪ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይሄን የጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። የሰውነት መከላከያ ራሱን የሚያጠቃበት ሩማቶይድ የሚባለው ዓይነት ከሆነ እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ፣ በሽታውን የሚያረግቡና ፕሬድኒሶሎኑን ለመቀነስ የሚያስችሉ መድኃኒቶች አሉ። በዕድሜ የመጣ የጉልበት መበላት ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም ፕሬድኒሶሎን በየቀኑ መዋጥ አያስፈልገውም ነበር። ሪህ ከሆነም ሕክምናው ሌላ ነው። ይሄ ካልታወቀ ኪኒኑ ተቀንሶ ቢያልቅ እንኳ ህመሙ ሲመለስ እናትሽ ያችን ባዶ ማሸጊያ ይዘው ተመልሰው መሄዳቸው አይቀርም። ማን ይፈርድባቸዋል? ያማቸዋል እኮ።

ቅነሳው የሐኪሙ ነው፤ እኔ መርሐ ግብር አልሰጥሽም። ግን ምን እንደምትጠብቂ እወቂ። አብዛኛውን ጊዜ ወደ 5 ሚሊ ግራም አካባቢ እስኪደረስ ቶሎ ቶሎ ይቀነሳል፣ ከዚያ በታች ግን በጣም በዝግታ ነው፤ ምክንያቱም ዕጢው መንቃት የሚጀምረው ከውጭ የሚመጣው ከሰውነት ፍላጎት በታች ሲሆን ነው። ወራት ይፈጃል። አንዳንድ ሰው ላይ ከዓመት ያልፋል። በመሀል ድካምና የሰውነት መቀጥቀጥ ይኖራል፤ ያ ሲመጣ ሁልጊዜ ዕጢው እምቢ አለ ማለት አይደለም፣ ሰውነት ከለመደው መጠን ሲወርድም እንዲያ ያደርገዋል። መጨረሻ አካባቢ ሐኪሙ የጠዋት ኮርቲሶል ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ደሙ የሚወሰደው ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት፣ የዕለቱ ኪኒን ከመዋጡ በፊት ነው። ከሰዓት ሄዶ የተወሰደ ደም ትርጉም የለውም፤ ገንዘብ ማባከን ነው። ውጤቱ በዴሲሊትር ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ ከሆነ ዕጢው ነቅቷል ተብሎ ይታሰባል፣ ከ5 በታች ከሆነ ገና ነው፣ በመካከል ከሆነ ቆይቶ ይደገማል።

እስከዚያው ኪኒኑን ጠዋት፣ ምግብ ቀምሰው ይውሰዱ። ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል፣ የሰውነትንም ሰዓት ያዛባል። እዚህ ላይ ጾም አለ። ፋሲካ ያልሽኝ ከሁዳዴ ማግስት ስለሆነ ጠረጠርኩ፤ እናትሽ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ኪኒኑን ጠዋት በባዶ ሆድ እየዋጡ ነው፣ ወይ ወደ ከሰዓት እየገፉት ነው፣ ወይ አንዳንድ ቀን እየዘለሉት ነው። ጠይቂያቸው። በዚህ ላይ የተኛ ዕጢ ያለው ሰው ረጅም ሰዓት ሳይበላ ሲቆይ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። የንስሐ አባታቸውን አንቺው አናግሪያቸው። ለታመመ ሰው የሚሉት ያውቃሉ፤ እናትሽም ከአንቺ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ።

አሁን ያቺን «ያዢልኝ» ያልኩሽን ነገር። ጤነኛ ሰው ሲታመም ዕጢው ምርቱን ይጨምራል ብያለሁ። የእናትሽ አይችልም። ስለዚህ ወባ፣ የሳንባ ምች፣ ከባድ ተቅማጥ፣ አደጋ ወይም ቀዶ ጥገና ለእሳቸው ከሌላው ሰው የበለጠ አደገኛ ነው። በተለይ መጠኑ እየቀነሰ በሚሄድባቸው ወራት ትኩሳት ቢመጣ ኪኒኑ ይጨመር ወይ፣ በስንት፣ ለስንት ቀን የሚለውን ሐኪሙ በወረቀት ይጻፍላችሁ። ካስመለሳቸው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ኪኒኑ ሆድ ውስጥ ካልቆየ አልተዋጠም፤ ነገ ይሻላቸዋል እያሉ መጠበቅ የለም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም። እዚያ «ግሉኮስ ተሰክቶላታል» ተብላችሁ ብቻ እንዳትረጋጉ። ፈሳሹ ያስፈልጋል፣ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ሃይድሮኮርቲሶን የሚባለው መርፌ አብሮ ያስፈልጋል። ለከባድ አስም ስለሚሰጥ ባለሙያዎቹ በደንብ ያውቁታል፤ እንግዳ መድኃኒት አይደለም። ችግሩ የእናትሽን ታሪክ ካልነገራችኋቸው የጨጓራ ወይም የምግብ መመረዝ ይመስላቸዋል።

ስለዚህ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ከቀበሌ መታወቂያቸው ጋር አድርጊላቸው፦ «ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን እወስዳለሁ። አድሬናል ዕጢዬ በቂ ኮርቲሶል ላያመርት ይችላል። ካስመለሰኝ፣ ራሴን ከሳትኩ ወይም ከባድ አደጋ ከደረሰብኝ ሃይድሮኮርቲሶን 100 ሚሊ ግራም በመርፌ፣ ከደም ሥር ፈሳሽ ጋር ስጡኝ።» ጎረቤትም ታውቅ። ጥርስ ሊነቀሉ ሲሄዱም ያሳዩት።

ሌሎች ጥቃቅን የማይባሉ ነገሮች አሉ። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲደረቡ ጨጓራ ሊያደሙ ይችላሉ። ቁርጥማት ያለበት ሰው ቤት ደግሞ ዲክሎፌናክ አይጠፋም፤ ፈትሺ። ጥቁር ሰገራ ካዩ ድንገተኛ ክፍል። ይሄ መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ተኝቶ የኖረ ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ የቆየ ሳል ካለ ለሐኪሙ ይነገር። የቲቢ ሕክምና ከተጀመረ ደግሞ ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎኑን ቶሎ እያቃጠለ ያሳንሰዋልና ያም መታወቅ አለበት። የሰገራ ምርመራም ይደረግ። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል፣ በባዶ እግር በኩል የሚገባ የአንጀት ትል አለ፤ በጤነኛ ሰው ላይ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል፣ በዚህ መድኃኒት ሥር ግን ተባዝቶ መላ ሰውነት ሊወር ይችላል። አንድ ምርመራ ሊያልፈው ስለሚችል ሐኪሙ ቢጠረጥር ቢያስደግም አይግረምሽ። ዓይን ይታይ፣ ስኳርና ግፊት ይለካ፣ ስለ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይጠየቅ።

ወደ እህትሽ እንክብል ልምጣ። «አድሬናል ፋቲግ» ማለት፣ ሻጮቹ እንደሚሉት፣ ዕጢው በኑሮ ጭንቀት ብዛት ደክሞ ኮርቲሶል አነሰው ነው። ስሙን አንድ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1998 አወጣለት፤ የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበራት ግን እንደ በሽታ አይቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ 58 ጥናቶችን የመረመረ ሥራ እንዲህ ያለ በሽታ ለመኖሩ ማስረጃ አላገኘም። ድካሙ ውሸት ነው አላልኩም። የደከመው ሰው ደም ማነስ፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ድብርት፣ የእንቅልፍ እጦት ሊኖርበት ይችላል፤ «ዕጢህ ደክሟል» ተብሎ እንክብል ሲሸጥለት እነዚያ ሳይመረመሩ ይቀራሉ፤ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

የባሰው ግን እንክብሉ ውስጥ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ለአድሬናል ድጋፍ ተብለው የሚሸጡ 12 ምርቶችን ሲመረምር በሁሉም ውስጥ የታይሮይድ ሆርሞን አገኘ፤ ከግማሽ በላይ በሆኑት ውስጥ ደግሞ የስቴሮይድ ሆርሞን (ኮርቲሶል ያለበት የሆርሞን ቤተሰብ)። ማሸጊያው ላይ አልተጻፈም። እናትሽ ላይ ይሄ ሲደረብ አስቢው። ለመገጣጠሚያ ተብለው የሚላኩትም ያው ናቸው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2022 አርትሪ ኪንግ በተባለው ውስጥ ያልተጻፈ ዴክሳሜታዞንና ዲክሎፌናክ አግኝቶ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ዴክሳሜታዞን ከፕሬድኒሶሎን በብዙ እጥፍ ይበረታል። እህትሽ በፍቅር እንደላከች አውቃለሁ፤ ግን በቀጥታ ንገሪያት፦ የእንክብሉን ብር ለምርመራ ትላክ።

እውነተኛ የአድሬናል በሽታ ግን አለ፤ አዲሰን ይባላል፣ በሐኪሙ ስም። እሱ ዕጢው ራሱ ሲበላሽ ነው። ቲቢ አንዱ የታወቀ መንስኤው ነው፤ ሌላው የሰውነት መከላከያ በራሱ ላይ ሲነሳ ነው። መለያው ምንድን ነው? ቆዳ ይጠቁራል፤ እኛ ዘንድ የፊት ጥቁረት ላያስታውቅ ይችላል፣ የመዳፍ መስመሮችንና ድድን ማየት ነው። ጨው ጨው ያሰኛል፤ አልዶስትሮኑም ስለጠፋ። የእናትሽ ዓይነት ላይ ግን አልዶስትሮኑ በሌላ መንገድ ስለሚታዘዝ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ስለዚህ ጨው በብዛት ስጧት የሚል ጎረቤት ቢመጣ እሺ እንዳትሉ፣ ግፊት ነው የምትጨምሩባቸው። አዲሰን ያለበት ሰው መድኃኒቱን ዕድሜ ልክ ይወስዳል፣ ወስዶም ይኖራል። በመስከረም 1956 ዓ.ም. ጃንሆይን ዋሽንግተን ላይ የተቀበሉት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ይሄ በሽታ ነበረባቸው። በ1947 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ታወቀ፣ ለሕዝብ ግን ተደብቆ ቆየ፤ ያን ሁሉ ዓመት ያቆማቸው እናትሽ የሚውጡት ዘር መድኃኒት ነው።

ስለ ሙያ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በባዶ ማሸጊያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፕሬድኒሶሎን የሸጠ ሰው «እናቴ፣ ማን አዘዘልዎት?» ማለት ነበረበት። ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ የሌለበት መድኃኒት ነው። በሌላ መስኮት ደግሞ ለመወፈር ብላ ዴክሳሜታዞን የምትጠይቅ ወጣት አለች፤ ፊት ለማቅላት ክሎቤታሶል ያለበትን ቅባት በየወሩ የምትገዛም አለች። እሱም እኮ ያው ቤተሰብ ነው፤ ብርቱ ቅባት ሰፊ ቆዳ ላይ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ ደም ውስጥ ገብቶ ዕጢውን ሊያስተኛ ይችላል። እንዲህ ያለ ቅባት እናትሽ ወይም አንቺ ካላችሁ ለሐኪሙ ይነገር። አላፍርብሽም፣ አትፈሪ።

አንቺም ራስሽን አትውቀሺ። ያንን ክብ ፊት አይቶ የማይደነግጥ ልጅ የለም። አሁን ግን ዛሬ ማታ ደሴ ደውዪና ኪኒኑ ስንት ፍሬ እንደቀረ አስቆጥሪያቸው። ሐኪም ጋ እስኪደርሱ የማይበቃ ከሆነ ነገ ጠዋት በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱና ሁኔታውን አስረድተው እስከ ቀጠሯቸው የሚያደርስ ያስጽፉ። እሁድ ደርሶ ማሸጊያው ባዶ እንዳይሆን።